ኤ የማይለው ሰውዬ

ዲንኪቱ እንግሊዝኛ የተማረችው ከድስት ሥር ነው። መንግሥት በተለወጠ ማግስት፣ ድርቅና ስደተኛ ተከታትለው ቆላውን ሲያጥለቀልቁት፣ የውጭ አገር ነርሶች ከነጌሌ ወጣ ብለው ድንኳን ተክለው ነበር። ዲንኪቱ ያኔ ልጅ እግር ነበረች፤ ወጥ ቤታቸው ዕቃ አጣቢ ሆና ገባች። ለዕቃ አጣቢ ደግሞ ማን ረጅም አረፍተ ነገር ያባክናል? «ነይ፣ አምጪ፣ ፍጠኚ፣ አትንኪው» ነው የሚሏት። ከዚያ ስትወጣ የያዘችው እንግሊዝኛ ትእዛዝ ብቻ ነበር። ለብዙ ዓመታት ፈረንጅ ባየች ቁጥር «ቁጭ በል! ብላ! እጅህን ታጠብ!» ትል ነበር። ፈረንጆቹም እሺ ብለው ይቀመጣሉ፣ ይበላሉ፣ ይታጠባሉ፤ የተቀየማት አልነበረም።

ኋላ ቋንቋው እየለሰለሰ ሄደ። ዛሬ ጸጉሯን ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል፣ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጆቿን ድራለች፤ ነጌሌ ባለ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ አስተርጓሚ ናት። ከተማው ሲያከብራት «አዴ ዲንኪቱ» ይላታል፤ ሲያሾፍባት «ባለ ሁለት አፏ»። ሁለቱንም ትወዳለች።

ስለ ሥራዋ ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ዲንኪቱ የተባለውን ሳይሆን መባል የነበረበትን ነው የምታስተረጉመው። ፈረንጅ ከመኪና ወርዶ፣ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ «ስንት ከብት አላችሁ?» ይላል። በቦረና ወግ የሰውን ከብት ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ቆጥሮ መናገርም መዓት መጥራት ነው። ስለዚህ ዲንኪቱ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞር ትልና፣ «እንግዳው ናጋችሁን፣ ሰላማችሁን ይጠይቃል። ቤታችሁ ናጋ ነው ወይ? ልጆቹ ናጋ ናቸው ወይ? መንደሩ፣ ውሃው፣ ሣሩ፣ ከብቱስ ናጋ ነው ወይ? ይላል» ትላለች። ሽማግሌው ደስ ብሏቸው «ናጋ፣ ናጋ፣ ሁሉም ናጋ ነው» ይላሉ። እሷ በዚህ መሃል በእሾህ አጥሩ ላይ አሻግራ በረቱን በዓይኗ ትለቅመዋለች። ከዚያ ወደ ፈረንጁ ዞራ ቁጥሩን ትነግረዋለች። ፈረንጁ ይጽፋል። ሽማግሌው እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው ብለው ይመርቁታል። ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይገባል፤ ውሸት ነው እንዳይባል ደግሞ ቁጥሩ ልክ ነው።

ይህ ሁሉ ሰላም የደፈረሰው ክብሮም የሚባል አዲስ አስተባባሪ ከአዲስ አበባ የመጣ ጊዜ ነው። ክብሮም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጥንቁቅ ነበር። ጥንቁቅ ሰው ደግሞ አንዳንዴ ከክፉ ይብሳል። በመጀመሪያው የመስክ ጉዞ ላይ ሰዓቱን ሲያይ፣ ሲያዳምጥ፣ ሲያሰላ ዋለና፣ ሲመለሱ መኪና ውስጥ ዞር ብሎ ጠየቃት።

«አዴ ዲንኪቱ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እንግዳችን የጠየቁት አንድ አጭር ጥያቄ ነው። እርስዎ ግን ለረጅም ሰዓት ተናገሩ። ምን ጨመሩበት?»

«ሰላምታ ነው፣ ልጄ።»

«ሽማግሌው ደግሞ አንድ ቃል ነው የመለሱት። እርስዎ ቁጥር አወጡበት።»

«ናጋ ሰፊ ቃል ነው» አለችና በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች።

ክብሮም ሳቀ፤ ነገር ግን አልረሳውም። ብዙም ሳይቆይ ከዋናው መሥሪያ ቤት መመሪያ መጣ። በማስተርጎም ሥራ ላይ ያለ ሠራተኛ ሁሉ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ወስዶ ውጤቱን ያቅርብ፤ በማዳመጥ፣ በማንበብ፣ በመጻፍና በመናገር በእያንዳንዳቸው ስድስት ያላመጣ ሰው ኮንትራቱ አይታደስለትም ይላል። ፈተናው ዓለም ሁሉ የሚፈተነው ነው፤ የሚሰጠውም አዲስ አበባ ነው። ክብሮም መመሪያውን ሲያነብላት ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር፤ እሱም አፍሯል።

ዲንኪቱ ሳቀች፣ ቀለደች፣ «ለእኔ ፈተና? ፈረንጅን እጁን ያስታጠብኩ!» አለች። ቤቷ ስትገባ ግን ፈራች። በደንብ ፈራች። ዝናቡ ተከታትሎ በቀረባቸው በእነዚያ ዓመታት ወንድሟ ዘንድ ልበን ገጠር የነበሩት ከብቶቿ አልቀዋል። ስንት ነበሩ ብሎ የጠየቃት የለም፤ ነጌሌ ነውር ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ቤቷን ያቆመው ምሰሶ ደመወዟ ብቻ ነው። ደመወዙ ቢቀር ደግሞ ከሁሉ የባሰው ቤት መዋሉ ነው። በሰው መሃል ቆማ የሁለቱንም ወገን ነገር በአፏ ስታመላልስ የኖረች ሴት፣ አፏን ይዛ ቤት ልትቀመጥ ነው።

በነጋታው ፍሬሰንበት ዘንድ ሄደች። ፍሬሰንበት የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር ነው። አባቱ አሥር አለቃ ነበሩ፤ ከጎጃም ከጦሩ ጋር መጥተው ነጌሌ ጦር ሰፈር ወለዱት። ሥርዓት የሚወድ ሰው ነው፤ ጠመኔ እንኳ ቀጥ ብሎ ካልተሰበረ አይጽፍበትም።

«አዴ፣ አንቱን እንግሊዝኛ ላስተምር አልደፍርም» አላት። «ለፈተናው ግን አሠለጥንዎታለሁ። ፈታኝ ሆኜ እቀመጣለሁ። ፈታኝ ማለት ጨካኝ ነው፤ ቢለምኑት አይሰማ፣ ቢያለቅሱለት አያዝን።»

እንዳለውም በዚያ ሙቀት ኮትና ክራቫት አድርጎ ይመጣል። ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ሰዓቱን ፊቱ አስቀምጦ፣ ፊቱን አጨፍግጎ ይቀመጣል። በተለይ የሚያስጨንቀው የንግግሩ ክፍል ነበር፤ ለተፈታኙ ርእስ ይሰጠውና ብቻውን ሁለት ደቂቃ ያወራል። ዲንኪቱ ታወራለች። «ጎረቤቴ ብርቱካን ትባላለች» ትላለች። ፍሬሰንበት በኮስታራ ፊት «ኤ» ይላል። «ሱቅ አላት» «ኤ» «ሚዛኗ ግን ከገዢው ይልቅ ወደ እሷ ያደላል» «ኤ»፣ እያሉ ሁለት ደቂቃው እንደ ምንጭ ይፈስሳል። አንዳንዴም ያልፋል፤ ፍሬሰንበት ሰዓቱን ረስቶ «ከዚያስ?» ይላል። በመጨረሻው ልምምድ ላይ ክራቫቱን አላልቶ ፈረደ።

«አዴ፣ በንግግር ስምንት ካላመጡ እኔ ማስተማር እተዋለሁ።»

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል። ዲንኪቱ ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ በወደራ በኩል አድርጋ አዲስ አበባ ገባች። ማዳመጡ ቀላል ሆነላት፤ ዕድሜዋን ሁሉ ስታዳምጥ የኖረች ናት። ማንበቡና መጻፉም በላብ አለፉ። ከዚያ ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል አስገቧት። ጠና ያለ፣ ቀጭን፣ ሥርዓታም ፈረንጅ የድምፅ መቅጃ ፊቱ አስቀምጦ ተቀምጧል። ሲጠይቃት መለሰች፤ እሷም መንገዱ እንዴት እንደሆነለት፣ ልጆቹ ናጋ ስለመሆናቸው ልትጠይቀው ስትል በትሕትና አቋረጣት። ቸኩሎ ነው ብላ ተወችው። ከዚያ ካርድ ሰጣት፤ ርእሱ የማይረሳ ጉዞ ነበር። ዲንኪቱ በሆዷ ሳቀች። ጉዞ ነው ያሉት እነዚህ ሰዎች?

«አንድ ጊዜ ከነጌሌ ወደ ፊልቱ በጭነት መኪና ሄድኩ» አለች። ቆመች።

ፈረንጁ ዝም አለ።

በቦረና ዘንድ ወሬ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ይናገራል፤ ሌላው በየመሃሉ «ኤ» እያለ ይቀበላል። «ኤ» ካልመጣ ነገሩ መሬት ወድቋል፤ ተናጋሪው ረግጦት አይሄድም። ዲንኪቱ አልሰማኝም ብላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችለት። ፈረንጁ ፈገግ ብሎ፣ በብዕሩ ቀጥይ የሚል ምልክት አሳያት።

«መኪናው ላይ ፍየሎች ነበሩ።»

ዝም።

ሰው ወሬ ሲነግሩት ዝም የሚለው በሦስት ምክንያት ነው። ወይ ተቀይሟል፣ ወይ ተኝቷል፣ ወይ መዋሸትህን አውቋል። ዲንኪቱ ፈረንጁን አየችው። የተቀየመ አይመስልም። ዓይኑም ክፍት ነው። እንግዲህ የቀረው ሦስተኛው ነው፤ ደነገጠች። ለነገሩ፣ ፍየሎች አልነበሩም።

«እሺ፣ በጎች ናቸው» አለች።

ዝም።

«አንድ ፍየልም ነበረ፤ እሱን እውነቴን ነው።»

ፈረንጁ ዓይኑን ሳይነቅል አያት። ዲንኪቱ በቤተ ክርስቲያን ንስሐ አባት ፊት እንኳ እንዲህ የተያዘ ሰው አላየችም። ጉዞው እስከ ፊልቱ እንዳልነበረ፣ መኪናው ተበላሽቶ ከግማሽ መንገድ መመለሷን ተናዘዘች። አሁንም ዝም አላት። በመጨረሻ እውነቱ ሁሉ አልቆባት፣ እሷም ተራዋን ተቀየመች። እጇን አጣምራ ዝም አለች። ሰዓቱ እስኪደውል ድረስ ሁለቱ ሰዎች እንደ ተጣሉ ባልና ሚስት ተፋጥጠው ተቀመጡ።

ውጤቱ መጣ። ማዳመጥ ስምንት ተኩል፤ ማንበብና መጻፍ ስድስት፣ ስድስት። መናገር አምስት። ክብሮም ወረቀቱን ገልብጦ ሁሉ አየው። «የአስተርጓሚ ንግግር አምስት!» አለ እንጂ አልሳቀባትም። «ኮንትራትዎ ሳያልቅ ንግግሩን አንድ ጊዜ ደግመው መፈተን ይችላሉ። ከዚያ በላይ ግን በእኔ እጅ አይደለም።» ከተማው ግን ምን ገዶት፣ በሳቅ ፈረሰ። «ባለ ሁለት አፏ አንዱ አፍዋ አዲስ አበባ ቀረ» አሉ። ዲንኪቱም አብራ ሳቀች፤ ሆዷ ግን አልሳቀም።

በቀጥታ ፍሬሰንበት ቤት ሄደች። አካም አላለች፣ ናጋ አላለች፤ በር ላይ ቆማ ጀመረች።

«የገደልከኝ አንተ ነህ!»

«እኔ? ምን አደረግኩ አዴ?»

«ፈታኙ ‘ኤ’ አይልም!»

«ታዲያ እኔ መቼ ‘ኤ’ ብዬ አውቃለሁ?» አለ ፍሬሰንበት፤ ከልቡ ተናዶ። «ፈታኝ ዝም እንደሚል አላውቅምና ነው? የጎጃም ሰው ልጅ ነኝ እኮ፣ አዴ!»

«ተቀመጥ» አለችው፤ የድሮው የወጥ ቤት እንግሊዝኛ ነው። ተቀመጠ። «ትናንት ገበያ ሄድኩ።»

«ኤ» አለ ፍሬሰንበት።

ከዚያ ራሱን ሰምቶ አፉን በእጁ ያዘ። ነጌሌ ተወልዶ ነጌሌ ያደገ ሰው፣ የአባቱ አገር የትም ይሁን የት፣ «ኤ» ጥርሱ ከመውጣቱ በፊት ነው አፉ የሚገባው። እየሳቁ መላ ፈለጉ። ፍሬሰንበት አፉን ሻይ ሞልቶ ያዘ፤ ዲንኪቱ ገና ጨዋታውን ስታሞቀው «ኤ» ሊል ሲል ትን አለውና ሻዩ ክራቫቱ ላይ ፈሰሰ። ፎጣ ነክሶ ሞከረ፤ በፎጣው ውስጥ እንደ በግ አጉረመረመ። ግድግዳ ፊት አቆማት፤ ዲንኪቱ ከግድግዳ ጋር ወሬ ስትጀምር የራሷ ሳቅ አላስቀጥል አላት።

በመጨረሻ ፍሬሰንበት የአባቱን ሙያ አስታወሰ። የጦር ሰፈሩ በር ላይ የሚቆም ዘብ አይናገርም፣ አይስቅም፣ ዝንብ ቢያርፍበት እንኳ አይነቃነቅም። እሱ ፊት ይለማመዱ አላት። ዲንኪቱ እንዳላት ሄደች። ከመንገዱ ማዶ ጥላ ሥር ቆማ፣ ዘቡን ከነትጥቁ ፊቷ አድርጋ፣ በእንግሊዝኛ ታወራው ገባች። ሰዉ አበደች አለ። ዘቡ ከሩቅ አገር የመጣ፣ እንጨት የመሰለ ወታደር ነበር። እሷ ስታወራ፣ እሱ ዝም ሲል፣ አሁንስ ለመድኩት አለች። አንድ ከሰዓት በኋላ የብርቱካንን ሚዛን ጉድ ስታነሳ፣ የዘቡ ከንፈር ሳይንቀሳቀስ ከወደ ጢሙ ሥር አንድ ነገር ሾልኮ ወጣ።

«ኤ።»

ከዚያ ዘቡ በፍርሃት ግራና ቀኝ ተገላመጠ። ዲንኪቱ ሳቋ እስኪያስለቅሳት ሳቀች። ፍሬሰንበት ሲሰማ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ ከተማ ዝም የሚል ሰው አልተፈጠረበትም፤ የመጣውንም አበላሽቶታል። ዝምታ ወርቅ ነው ያለ ሰው በዚህ አላለፈም» አለ፤ ተስፋም ቆረጠ።

ዲንኪቱም ወደ አዲስ አበባ ስትመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ተስፋ ቆርጣ ነበር። ወደራ ላይ ሲደርሱ ግን ከፊቷ የተቀመጠች ሴት ልጇን እያባበለች፣ ራሷ ጠይቃ ራሷ ስትመልስለት ሰማች። «ወዴት እንሄዳለን? አያቴ ዘንድ! ምን ትሰጠናለች? ወተት!» ዲንኪቱ በራሷ ላይ ተናደደች። ዕድሜ ልኳን የሁለት ሰው ነገር በአንድ አፍ ስታመላልስ የኖረች፣ አንዲት «ኤ» ለራሷ ማበደር ያቅታት? ከሰው የምትለምነውስ ለምንድን ነው?

ፈታኙ ያው ሰውዬ ነበር። እሱም አወቃት መሰለኝ፣ ካርዱን ሲሰጣት እጁ ትንሽ ዘገየ። ርእሱ ለረጅም ጊዜ የጠበቁት ነገር ነበር። ዲንኪቱ ካርዱን ስታነብ በዚህ ጊዜ በሆዷ አልሳቀችም። ጉዞውን ብትቀጣጥል፣ ጎረቤቷን ብታማ ትችል ነበር፤ ይህን ግን መቀጣጠል አልፈለገችም።

«ዝናብ ጠበቅን» አለች። ከዚያ «ኤ» አለች፤ በሆዷ ልትለው አስባ ነበር፣ አፏ ቀደማት። የፈረንጁ ቅንድብ ከፍ አለ። ከዚያ በኋላ ግን «ኤ»ዋ ወደ ውስጥ ገባች፤ እሷ ትናገራለች፣ እሷው በሆዷ ትቀበላለች። ጠዋት ጠዋት ሰማይ ማየታቸውን ነገረችው። ወንድሟ ሁልጊዜ ስልክ ሲደውል ስለ ደመና ብቻ ማውራቱን ነገረችው። ከብቶቹ ሲደክሙ ራሳቸውን ችለው መነሣት እንደማይችሉ፣ ሰው ተሰብስቦ ግማሹ በቀንድ ግማሹ በጭራ ይዞ እንደሚያቆማቸው፣ ቆመው ትንሽ ቆይተው እንደሚወድቁ ነገረችው። አንዲት ላም ነበረች፣ ሁሌ ካቆሟት በኋላ ዞር ብላ እንደምታመሰግን የምታያቸው። አንድ ቀን ከወደ ፊልቱ ጥቁር ደመና ተነሣ፤ ወንድሟ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ «ስሚ! ነጎድጓዱን ስሚ!» አላት። ልክ እዚህ ላይ የፈታኙ ሰዓት ደወለ። ፈታኙ ሥርዓቱን ጠብቆ «አመሰግናለሁ» አለና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ።

ውጤቱ ሲመጣ ንግግር ሰባት ይል ነበር። ክብሮም ከወንበሩ ብድግ ብሎ ጨበጣት፤ ጉንጯንም ሳማት። ኮንትራቷ ታደሰ። ፍሬሰንበት ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ ብሎ ጦር ሰፈር ድረስ አወራ፤ ዘቡም የኔም ድርሻ አለበት አለ ይባላል። እሷም ዛሬ በረት ፊት ቆማ የፈረንጅን አጭር ጥያቄ ወደ ረጅም ሰላምታ እየለወጠች ናት፤ ክብሮም ሰዓቱን ያያል እንጂ አይጠይቅም። አንድ ቀን ብቻ፣ ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ሁለተኛው ፈተና እንዴት ሰባት እንደሆነ ጠየቃት። ሰባቱን ትታ ከፈተናው በኋላ የሆነውን ነገረችው።

ጥያቄው ሁሉ አልቆ፣ ፈረንጁ መቅጃውን አጥፍቶ ነበር። በሩን ሊከፍትላት ተነሣ። እጁ እጀታው ላይ እንዳለ ቆመ።

«ዝናቡ መጣ?» አላት።

ዲንኪቱ ወደ ጠረጴዛው ሰዓት ዞር ብላ፣ ኮስተር ብላ አየችው። «ጊዜዎ አልቋል» አለችው። ፈረንጁ እንደ ተያዘ ተማሪ ቀላ። እሷንም አሳዘናት፤ ለካ ሰውዬው ዝም ያለው ሳይሰማ አልነበረም።

«መጣ» አለች። «ከብቶቹ ካለቁ በኋላ መጣ።»

ፈረንጁ አንገቱን ደፋ። ከዚያ፣ ማዘኑ ነው፣ ሌላ የሚለው ቢያጣ ነው፣ ፈረንጅ ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቀ።

«ስንት ነበሩ?»

ቁጥሩ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። የእንግሊዝኛ ቁጥር የወጥ ቤት ሳህን ስትቆጥር ጀምሮ ታውቀዋለች፤ የስንቱን ሽማግሌ በረት በዓይኗ ለቅማ ለፈረንጅ አስረክባለች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«ናጋ ናቸው» አለችው።